ከሞተ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይል እንዴት ይወጣል?

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤቶች ጓዳ ውስጥ አቧራ የጠጣ ዴስክቶፕ አይጠፋም። አልነሳ ስላለ ተጥሏል። ብዙ ጊዜ ግን የተቃጠለው ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል) ወይም ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ነው። የሠርጉ ፎቶም የዕድሩ መዝገብም ሃርድ ዲስኩ ላይ በሰላም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉና የጎን ክዳኑን ክፈቱ። ዲስኩን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ። ከዚያ የኬብል መሰኪያውን እዩት። ሁለት ረድፍ ፒን ያለው ሰፊ ከሆነ አይዲኢ ነው፤ ፒን የሌለው ጠፍጣፋና ቀጭን ከሆነ ሳታ። ዲስኩን ከሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ሁለቱንም የሚቀበል የዩኤስቢ አዳፕተር ብትገዙ ይሻላል። አይዲኢ ከሆነ ጃምፐሯን (ከመሰኪያው አጠገብ ፒኖች ላይ የምትሰካውን ትንሽ ቁራጭ) ዲስኩ ላይ በተለጠፈው ሥዕል መሠረት «ማስተር» የሚለው ቦታ ላይ አድርጓት።

የዴስክቶፕ ዲስክ 12 ቮልት ስለሚፈልግ አዳፕተሩ የራሱ ፓወር ሊኖረው ይገባል። የላፕቶፕ ዲስክ ዩኤስቢው ይበቃዋል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቀን ደግሞ ባትጀምሩት ይመረጣል። ላፕቶፓችሁ በባትሪ ቢቀጥልም ዲስኩ መሀል ላይ ቀጥ ይላል።

ስትሰኩት ጆሯችሁን ስጡት። ወጥ የሆነ የመዞር ድምፅ ጤና ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ወዲያው ንቀሉና ለባለሙያ ስጡ። እቤት ከፍቶ መጎርጎር ዲስኩን መግደል ነው። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት የሚላችሁንም አትስሙ፤ እርጥበት ነው የምትጨምሩለት።

ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እምቢ በሉ። ከተከፈተ ፋይሎቹ ኤክስፒ ላይ «ዶክዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ»፣ ከዚያ በኋላ በመጡት ላይ «ዩዘርስ» ውስጥ ናቸው። ፈቃድ የለህም ካለ «ኮንቲኒው» በሉት። ዋናው ነገር አሮጌው ዲስክ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። የተሰረዘ ፋይል ሪኩቫ ወይም ፎቶሬክ በሚባሉት ፋይል መላሽ ፕሮግራሞች ስትፈልጉም የተገኘውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ዲስኩ እየተንቀራፈፈ የሚያነብ ከሆነ መጀመሪያ ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ላይ ዲዲሬስኪው በተባለው የዲስክ መቅጃ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂውን አውጡና ፍለጋውን ቅጂው ላይ አድርጉ።

አንድ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ ፎንት። ከዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘበራረቀበት ሆኖ ይመጣል። ፋይሉ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታጠፉት! «ዊንዶውስ» ውስጥ ያለውን «ፎንትስ» ፎልደርም አብራችሁ ኮፒ አድርጉ። የድሮውን ፎንት ስትጭኑለት አማርኛው ይመለሳል።

ኮፒው ሲያልቅ ከየፎልደሩ ጥቂት ፋይል ከፍታችሁ ሞክሩ። ስሙ ስለታየ ብቻ ፎቶው አለ ማለት አይደለም። ሁለተኛ ቅጂም ሌላ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፣ ያውም በሌላ ቤት።