አሮጌ ኮሮላ መንገድ እንዲይዝ የእግር ሥራውን እንዴት ማደስ ይቻላል

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ ኮሮላ ኩርባ ላይ ሲያዘነብልና መሪው ሲዋልል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው አጭር ሞላ ገዝቶ መኪናውን ዝቅ ማድረግን ነው። ገንዘቡ በቅድሚያ መውጣት ያለበት ግን ላለቀ ጎሚኒ (በብረቶቹ መጋጠሚያ ላይ ያለ የጎማ ትራስ) እና ለሞተ ሾክ (የሞላውን መዋዠቅ የሚገታው ክፍል) ነው።

መኪናውን በክሪክ አንስተው በመደገፊያ ብረት ላይ ያሳርፉት። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ረዳትዎ ፍሬን ይርገጥ፤ ንቅናቄው ከጠፋ ችግሩ የኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት የብረት ቀለበት) ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱን (የእግሩን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) ይመርምሩ። ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ የሚላላ ከሆነ ታይሮዱን (ጎማውን ከመሪው የሚያገናኘውን ዘንግ) ይዩ።

ሾክ ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል። የፊቱን ለማውጣት የፍሬኑን ቱቦ ከሾኩ ያላቁ፣ ከታች ያሉትን ሁለት ቡሎኖች፣ ከዚያ ኮፈኑ ሥር ያሉትን ሦስት ዳዶዎች ይፍቱ። መሃል ያለውን ትልቁን ዳዶ በፍጹም እንዳይነኩ! የታመቀውን ሞላ የያዘው እሱ ነው፤ ከተፈታ ሞላው ተስፈንጥሮ ሰው ይገድላል። ሞላውን በመጭመቂያ በሁለቱም ወገን እኩል ይጭመቁ፤ ዳዶው የሚፈታው ሞላው ከመቀመጫው ሲላላ ብቻ ነው። የሞላውን የላይኛ መቀመጫና መጋጫውን (ሾኩ እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ምቱን የሚቀበለውን ላስቲክ) አብረው ይቀይሩ።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው የብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው ክንድ) ጎሚኒ ላይ ነው። ቡሎኑ እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ አዲሱ ጎሚኒ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ዕድሜው ሳይደርስም ይቀደዳል። ስለዚህ ቡሎኑን በእጅ ብቻ ያስገቡ፣ መኪናውን በጎማው ያቁሙ፣ ጥቂት ጊዜ ተጭነው ያወዛውዙት፣ ከዚያ ያጥብቁ።

የስታቢላይዘሩ (ኩርባ ላይ መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ) ጎሚኒና ማገናኛ ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ኩርባ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ሞላ የሚቀየር ከሆነ ከ30 ሚሊሜትር በላይ አይውረድ። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ሾኩ የሚሠራበት ርቀት ያጥርና መጋጫውን ይመታል፤ መኪናውም መንገድ መያዙን ትቶ ይዘላል። ሞላ መቁረጥና በእሳት ማላላት አደገኛ ስለሆነ አይሞከርም።

የጎማ ዳዶዎቹን በ103 ኒውተን ሜትር አጥብቀው ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ሾክ ከተፈታ የጎማው ዘንበል ስለሚለወጥ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ግድ ነው። ከአላይመንት በኋላም ወደ አንድ ወገን ከሳበ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ያቀያይሩ፤ የሚስብበት ወገን ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው።