ለአብሳይዋ ማን ነገራት? በሕፃናት ማዕከል የድጋፍ አገልግሎት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

የሕፃናት ማዕከል ሲከፈት ገንዘቡም ልፋቱም ቀድሞ የሚሄደው ወደ መማሪያ ክፍሉ ነው። ግድግዳው ይቀባል፣ መጫወቻ ይገዛል፣ መምህራን ይሠለጥናሉ። ወጥ ቤቱ፣ ጽዳቱ፣ ሰርቪሱ፣ የመድኃኒት ሳጥኑ፣ ከወላጅ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ «እሱ አያሳስብም» ተብሎ ይታለፋል። ልብ የሚያቆም ነገር ሲፈጠር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

ሥራዬ የማዕከላትን የድጋፍ አገልግሎት ማደራጀትና መፈተሽ ነው። ቦታው ይለያያል፣ ስህተቱ አንድ ነው። ደግሞም የአብሳይ ስህተት፣ የጽዳት ሠራተኛ ስህተት፣ የሹፌር ስህተት ተብሎ የሚነገረኝን ስመረምረው፣ ብዙውን ጊዜ መነሻው ኃላፊው ያወጣው ፕሮግራም ሆኖ አገኘዋለሁ። አዲስ ኃላፊዎች እንዳትቀየሙኝ። ብትቀየሙም እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ድጋፉን ከትምህርቱ ለይቶ ማየት

ታሪኩን ብናይ እንኳ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሬቸልና ማርጋሬት ማክሚላን የተባሉ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ1910 ለንደን ዴትፎርድ ውስጥ ለድሃ ልጆች ክሊኒክ ከፈቱ። ታክመው የሄዱት ልጆች በዚያው በሽታ ተመልሰው ይመጡ ነበር። የአየሩ፣ የምግቡና የንጽሕናው ነገር ካልተስተካከለ ሕክምናው ብቻ እንደማይበቃ ገባቸው። በ1914 ልጆች ደጅ ንጹሕ አየር ላይ የሚውሉበትን ታዋቂ መዋለ ሕፃናት የከፈቱት ከዚህ ተነስተው ነው። አሜሪካም በ1965 ለድሃ ቤተሰብ ሕፃናት የሚሆነውን ሄድ ስታርት የተባለ የመንግሥት ፕሮግራም ስትጀምር ጤና፣ ምግብና የወላጅ ተሳትፎ ከመጀመሪያው የፕሮግራሙ አካል ነበሩ።

እኛ ዘንድ ግን የሠራተኛ ስብሰባ ሲጠራ አብሳይዋና ሹፌሩ አይጠሩም። ሰሞኑን ሳህኑን ሳይነካ የሚመልሰው ልጅ ማን እንደሆነ የምታውቀው አብሳይዋ ናት። የየትኛው ቤት በር ላይ ሲደረስ የትኛዋ ልጅ ዝም እንደምትል የሚያውቀው ሹፌሩ ነው። ተቅማጥ ክፍል ውስጥ መግባቱን ከመምህሯ ቀድማ የምታውቀው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። እነዚህን ሰዎች ሳትሰሙ ስለ ልጆቹ «ተወያየን» አትበሉ።

መረጃን ፋይል ውስጥ ማሳደር

ይኼኛው ያናድደኛል። ረዘም ካለ ይቅር በሉኝ።

አንድ ማዕከል ሄድኩ። የምዝገባ ፎርማቸው ግሩም ነው። «ልጅዎ የማይስማማው ምግብ አለ?» ይላል። አንዲት እናት «ኦቾሎኒ» ብላ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ፎርሙ የት ነው? ቢሮ ውስጥ፣ በተቆለፈ ቁም ሳጥን። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁ። አብሳይዋ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ እጃቸው ፈጣን፣ ልጅ የሚወዱ ሴት ናቸው። ለቁርስ ዳቦ እየቀቡ ነበር።

«ኦቾሎኒ የማይበላው ልጅ የትኛው ነው፣ እናቴ?» አልኳቸው።

«አንድ ልጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ልጄ። የየትኛው ክፍል እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። ለማንኛውም ብዬ ማርማላታ የተቀባም እያዘጋጀሁ ነው።»

ይህን እያሉኝ በእጃቸው የያዙት ቢላዋ ከኦቾሎኒ ቅቤው ወጥቶ ማርማላታው ውስጥ ገባ። ቢላዋ አልተቀየረ፣ ሰሌዳ አልተቀየረ። ለጥንቃቄ የተለየው ዳቦ ራሱ ተበከለ። ልጁ በዕለቱ ቀሪ ነበር። ያዳነው መቅረቱ ብቻ ነው።

ኃላፊዋ ስትሰማ በአብሳይዋ ላይ ጮኸች። በምን ሒሳብ? ቢላዋና ሰሌዳ መለየት እንዳለበት ያሠለጠናቸው የለም። የልጁን ስም የሰጣቸው የለም። መልኩን ያሳያቸው የለም። እናትየው ማድረግ ያለባትን አድርጋለች፣ አብሳይዋም ባላቸው ወሬ ልክ ተጠንቅቀዋል። መሃል ላይ የተቀመጠው ቁም ሳጥን ነው፣ የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ደግሞ ያለው ኃላፊዋ ኪስ ውስጥ ነው።

መረጃው መኖር ያለበት ሥራው የሚሠራበት ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይበቃል። ፎቶ፣ ስም፣ ክፍል፣ የሚከለከለው ነገር፣ ሲነካው የሚታይበት ምልክት፣ ወዲያው የሚደረገው፣ መድኃኒቱ ያለበት ቦታ። አንዱ ቅጂ ወጥ ቤት፣ አንዱ ክፍል፣ አንዱ ሰርቪስ ላይ። «የልጁ ምስጢር ነው» የሚል ክርክር ይመጣል፣ ትክክልም ነው። እንግዳ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ አትለጥፉት። ሠራተኛ ብቻ የሚከፍተው የቁም ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት።

ሐኪም የአድሬናሊን መርፌ ያዘዘለት ልጅ ካለ ደግሞ መርፌው ልጆች የማይደርሱበት፣ አዋቂ ግን በአንድ እርምጃ የሚያነሳው ቦታ ይሁን። የሚቆለፍ ነገር አይደለም። ልጁ ለጉብኝት ሲወጣ አብሮት ይወጣል። የሚያበቃበትን ቀን በየወሩ እዩት። ጉሮሮ ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰጠው አድሬናሊን ነው፣ ወዲያው አምቡላንስ ይጠራል። የአለርጂ ሽሮፕ ማሳከክ ያስታግስ ይሆናል እንጂ እንዲህ ያለውን አደጋ አያቆምም። «ሽሮፕ ሰጥተን ትንሽ እንጠብቅ» የሚሉ ሰዎች ያስፈሩኛል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ነገ አብሳይዋ ታማ ብትቀር፣ የምትተካት ሰው እሳት ሳትለኩስ በፊት ይህን ሁሉ ታውቃለች? መልሱ «እንነግራታለን» ከሆነ አታውቅም ማለት ነው።

ረጭቶ ወዲያው መጥረግ

ጠረጴዛው ላይ በረኪና በውኃ የተበጠበጠበት መርጫ ፊሽ ፊሽ ይላል፣ ጨርቁ ወዲያው ይከተላል፣ ሳህን ይቀመጣል። ሽታው አለ፣ ሥራው ግን አልተሠራም። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙናና በውኃ መነሳት አለበት፣ ምክንያቱም በረኪና በቆሻሻ ላይ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ተረጭቶ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በውኃ የተበጠበጠው ደግሞ እያደር ስለሚደክም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጃል።

የጽዳት ሠራተኛዋን ከመውቀሳችሁ በፊት ግን ፕሮግራሙን እዩ። የሥዕል ሰዓት ሲያልቅ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ምሳ ይጀምራል። በመሃል የተሰጣት ጊዜ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው እስኪመለሱ ነው። መቼ ታጥባ፣ መቼ ረጭታ፣ መቼ ትጠብቅ? ምሳውን ሩብ ሰዓት ግፉት ወይም ሥዕሉን ሌላ ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይኼው ነው። ሥልጠና እንኳ አያስፈልገውም።

ሌላ ሁለት ነገር። በረኪናን ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከአሞኒያ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። የእጅ ሳኒታይዘር ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን በደንብ አይገድልም፣ ስለዚህ ሳሙናና ውኃ።

ዳይፐር የምትቀይረዋ ምግብ አታቅርብ። ይኼን ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

መድኃኒትን በር ላይ በቃል መቀበል

«ትንሽ ትኩሳት ነበረው፣ ይቺን በምሳ ሰዓት ስጡልኝ።» ጠርሙሱ ምልክት የለውም፣ መጠኑ «አንድ ማንኪያ» ነው። የምን ማንኪያ? የሕፃን ፓራሲታሞል መጠን የሚወሰነው በክብደትና በዕድሜ ነው፣ በሁለት መጠን መካከልም ቢያንስ 4 ሰዓት መኖር አለበት። ጠዋት ቤት ውስጥ መሰጠቱን ካላወቃችሁ እናንተ የምትሰጡት ድጋሚ ነው። በራሱ ማሸጊያ፣ የልጁ ስም ተጽፎበት፣ ወላጅ ፈርሞ፣ የመጨረሻው የተሰጠበት ሰዓት ተመዝግቦ ካልሆነ አትቀበሉ። የሰጠው ሰው ይፈርም፣ ሌላ ሰው አጠገቡ ቆሞ ይይ። አስፕሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ ለልጅ አይሰጥም።

ጠዋት ፓራሲታሞል ተሰጥቶት ቀዝቅዞ የመጣ ልጅ ከምሳ በኋላ በእንቅልፍ ሰዓት እንደገና ይግላል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፣ ከሥራ መቅረት ስለማይችሉ ነው። ሲታመም የሚወስደው ሰው ማን እንደሆነ በምዝገባ ቀን፣ ሁሉም ጤነኛ ሳለ ተነጋገሩ። ትኩሳት ላይ ተቁሞ የሚደረግ ክርክር ማንንም አያግባባም።

ሲገቡ ቆጥሮ ሲወርዱ አለመቁጠር

ሹፌሩ ረዳቷ ያየች ይመስለዋል። ረዳቷ ሹፌሩ የሚያይ ይመስላታል። የኋላ ወንበር ላይ የተኛው ልጅ ድምፅ አያሰማም። የተዘጋ መኪና ውስጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ውጪው ሞቃት ባይሆንም እንኳ። የሕፃን ሰውነት ደግሞ ከአዋቂ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ፈጥኖ ይሞቃል።

በቁጥር ሳይሆን በስም እየጠራችሁ አረጋግጡ። «18 ነበሩ፣ 18 ወረዱ» ሲባል አንዱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ሹፌሩ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ እስከ መጨረሻው ወንበር ሄዶ፣ ከወንበሩ ሥር ጎንበስ ብሎ አይቶ ይፈርም። ክፍል ውስጥም ሁለተኛ መረብ አስቀምጡ። ወላጅ ሳያሳውቅ የቀረ ልጅ ካለ ጠዋቱ ሳያልፍ ስልክ ይደወል። «ዛሬ አልመጣም እንዴ?» የምትል አንዲት ጥሪ ሕይወት ልታተርፍ ትችላለች።

ሲወሰዱም ያው ነው። «አጎቷ ነኝ፣ ታውቀኛለች» ማስረጃ አይሆንም። ልጆች ብዙ ሰው ያውቃሉ። ስሙ ወላጅ ባስመዘገበው ዝርዝር ላይ ከሌለ ይቀመጥና ይደወል። ይቆጣል፣ ይቆጣ። ጥበቃውን ግን ከዚያ ቁጣ ፊት ብቻውን አታቁሙት፣ ኃላፊዋ ወጥታ ትናገር።

ስለ ምግብ ባጭሩ

የወይን ፍሬ ለትንንሽ ልጆች በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ለውዝ አይሰጥም። ማር ከ12 ወር በፊት አይቀመስም። ምግብ የሽልማትም የቅጣትም መሣሪያ አይደለም።

አጣርቶ ማስቀመጥ

የልጆችን ዕይታ፣ ጆሮና ዕድገት የሚያጣሩ፣ ማለትም ችግር ይኖር እንደሆነ ቀድመው የሚያዩ ማዕከላት በርክተዋል። ደስ ይላል። ከዚያስ? ቅጹ ይሞላል፣ «ወደ ጤና ተቋም ተልኳል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ይደረጋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። የተላከው ግን ወረቀቱ ነው። ልጁ አሁንም እዚያው ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጧል።

አንድ «አይሰማም፣ አስቸጋሪ ነው» የተባለ ልጅ አስታውሳለሁ። የጆሮ ማጣሪያውን አላለፈም። ለእናቱ ወረቀት ተሰጥቷት ወራት አልፈዋል። ሄዳ እንደሆነ የጠየቃት የለም። ለካ አልሄደችም። ታናሹን የምትተውለት ሰው አልነበራትም። በመጨረሻ ሲታይ ከጆሮ ታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ነበር። ይህ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። የመስማት አቅሙም ከቀን ቀን ከፍ ዝቅ ስለሚል «ሲፈልግ ይሰማል» ያስብላል። ስንት ጊዜ ጥግ አስቁመውት ይሆን?

የምትልኩበትን ቦታ ሳታውቁ ማጣራት አትጀምሩ። መዝገቡ ላይ ማን ተላከ፣ የት፣ ቀጠሮው መቼ ነው፣ ውጤቱ ምን ሆነ፣ የሚከታተለው ማን ነው የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ የሰው ስም ይጻፍ፣ «ማዕከሉ» አይባል። እናት ካልሄደች ለምን ብላችሁ በለሆሳስ ጠይቁ። እንቅፋቱ መንገዱ፣ ፈቃዱ ወይም ፍርሃቱ ሊሆን ይችላል፣ ለእያንዳንዱ የሚደረገው የተለያየ ነው።

ስትነግሯትም በር ላይ፣ ሌሎች ወላጆች እየሰሙ አይሁን። ያያችሁትን ተናገሩ። «ስሙን ከኋላው ስንጠራው ብዙ ጊዜ አይዞርም፣ እቤትስ?» ማለት ይቻላል። «ኦቲዝም ያለበት ይመስላል» ማለት አይቻልም። ማጣሪያ ማለት የሐኪም ምርመራ ማለት አይደለም፣ እናንተም ሐኪም አይደላችሁም።

ወላጅን ለክስ ብቻ መጥራት

ስልካችሁ ሲጮህ ልቧ የሚደነግጥ እናት ስለ ቤቷ ምንም አትነግራችሁም። አንዳንዴ ለደግ ነገር ደውሉ።

ለጥቂት የተረፈውን አለመመዝገብ

ጉዳት ሲደርስ ሁሉም ይጽፋል። ሊደርስ ሲል የተረፈው ግን ይሸፋፈናል፣ ምክንያቱም ያወራ ይቀጣል። በር ሳይዘጋ ቀርቶ ልጅ ደጅ ላይ ተገኘ፣ ሳሙናው ዝቅ ያለ መደርደሪያ ላይ ዋለ፣ የሰርቪሱ ረዳት ቀርታ ሹፌሩ ብቻውን ነዳ። እነዚህን የምትሰሙት የነገራችሁን ሰው ካመሰገናችሁ ብቻ ነው።

ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑ፣ የሆነው ነገር፣ የሆነበት ቦታ፣ በዚያ ሰዓት ያልነበረው ሠራተኛ። ይህቺ የመጨረሻዋ ዓምድ ብዙ ታሳያለች፤ ክፍተቱ የሚመጣው አንዱ ለምሳ ሲወጣ ወይም ፈረቃ ሲቀየር ከሆነ ፕሮግራሙን መቀየር ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ደብተሩን በየሳምንቱ ከአብሳይዋ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከጥበቃውና ከሹፌሩ ጋር አብራችሁ አንብቡት። በሥራ ሰዓት ይሁን፣ ከሥራ በኋላ አታስቆዩአቸው። መምህራን ቢመጡ ጥሩ፣ ባይመጡም ጀምሩ።