ከአዲስ አበባ ባንኮክ ለሚገባ መንገደኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አያያዝ

ለሸቀጥም ሆነ ለሕክምና ከአዲስ አበባ ወደ ባንኮክ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። ቆይታው አጭር በመሆኑ ከአውሮፕላን እንደወረደ ወደ ፕራቱናም ገበያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ይቀናዋል። እኔ ግን የቀጠሮው ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ሰውነትን ከአየሩ ጋር ለማላመድ መስጠት፣ ግዢንም ሆነ ውልን ከዚያ በኋላ መጀመር እንደሚሻል አጥብቄ እመክራለሁ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምትገኝ ከተማ ተነሥቶ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ ወደማይል ሜዳ የወረደ ሰው፣ በድካምና በወበቅ ውስጥ ሆኖ ስለ ዋጋም ሆነ ስለ አገሬው የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ የተዛባ ነው።

ዝግጅቱ ከጉዞው በፊት ይጀምራል። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ትጠይቃለች፤ ክትባቱም ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመግቢያ ቅጹ ከመድረሻው ቀን በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን፣ ክፍያ የለውም፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎ ይተዉት። ሱቫርናቡሚ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ወደ ፓስፖርት ሰልፍ ከመግባትዎ በፊት በጤና ቁጥጥሩ ቢሮ ቢጫ ካርድዎን፣ ማለትም የክትባቱን ምስክር ወረቀት፣ ያሳዩ። ዶላር ለመመንዘር ምድር ቤት ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ያሉትን መንዛሪዎች ይምረጡ። ታክሲ ከያዙ ቆጣሪው መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ከቆጣሪው ሒሳብ በላይ የሚጨመረው 50 ባት የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያና የፈጣን መንገዱ ክፍያ ሕጋዊ ስለሆነ በዚህ አይከራከሩ።

ከበሩ ወጣ ሲሉ የሚቀበልዎ ወበቅ ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ያቃጠለው ሰው ጥላ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ይቀለዋል። ባንኮክ ውስጥ ግን አየሩ ራሱ እርጥበት የጠገበ በመሆኑ ላብ በቀላሉ አይተንም፤ ላብ ካልተነነ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ ጥላው ብዙም አያሳርፍም፣ ሌሊቱም እንደ ደጋ ሌሊት አይበርድም። የዚህ ውጤት ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ምክንያቱ የማይታወቅ ብስጭት ሆኖ ይገለጣል፤ ብዙ ሰው ከተማዋን የሚጠላው በዚህ ሰዓት ነው። ውሃ ሳይጠማዎ ይጠጡ፤ ብዙ ካላበዎ ኦ አር ኤስ የተባለውን የጨውና የስኳር ዱቄት ከመድኃኒት ቤት ገዝተው በመመሪያው መሠረት ይበጥብጡ። በማለዳና ጀምበር ካዘቀዘቀች በኋላ ይውጡ፤ ቀትሩን ቤት ውስጥ ያሳልፉ። የገበያ አዳራሾችና ባቡሮች በአየር ማቀዝቀዣ እጅግ ስለሚቀዘቅዙ ነጠላ ወይም ስስ ሹራብ አይለይዎት። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰው ከመነሣታቸው በፊት ስለ ሙቀቱ ሐኪማቸውን ማማከር ይኖርባቸዋል። በሙቀቱ የተነሣ ንግግሩ የተዘበራረቀ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካዩ ግን ጊዜ ሳያጠፉ ሰውነቱን እያቀዘቀዙ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ደንጌ የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን የምትናከስ በመሆኗ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ለማታ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም።

ምግብን በተመለከተ ለጿሚ አንድ መልካም ነገር አለ። ተራው የአትክልት ምግብ የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ቅመም ስለሚገባበት ሥጋ የለበትም መባሉ አያስተማምንም፤ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቢጫ ባንዲራ የሰቀሉ ቤቶች የሚሸጡት «ጄ» የሚባለው ምግብ ግን ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የለበትም። ሙስሊም መንገደኞች በማሸጊያዎች ላይ የሐላል ምልክት ያገኛሉ፤ በናና ሰፈርም የአረብ ምግብ ቤቶች ሞልተዋል።

ከሰው ጋር ሲገናኙ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ይሉኝታን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ አስቸጋሪ አይሆንም፤ የታይላንድ ሰው ፈገግ ማለቱ ሁልጊዜ ተስማማሁ ማለቱ እንዳልሆነም ለመረዳት ቅርብ ነው። ቤትና ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማ ይወልቃል፤ የሰው ራስ አይነካም፣ ሴትም መነኩሴን አትነካም። ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ ሌሎች ከቆሙ እርስዎም ይቁሙ። ንጉሡን ወይም ንግሥቲቱን መስደብ እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ወንጀል በመሆኑ በቀልድም ቢሆን አይነሣ።

የሰዓቱ ልዩነት 4 ሰዓት ነው፤ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር የመናገር ልማድ ሲጨመርበት ቀጠሮ ያሳታልና በጽሑፍ ያስይዙ። የአገሪቱ የዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ543 ዓመት ስለሚቀድም፣ መድኃኒት ላይ 2569 የሚል ዓመት ቢያዩ 2026 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

ነጋዴ ከሆኑ በሁለተኛው ቀን ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ገበያውን ይዙሩ፤ ነገር ግን ይጠይቁ፣ ዋጋውን ይጻፉ፣ አይክፈሉ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ያንኑ ዕቃ በሌላ ሱቅ ያስተያዩ፤ የጅምላ ዋጋ ከስንት ፍሬ እንደሚጀምርም አስቀድመው ይወቁ።