የውሃ ኤሊ ጫጩት ገንዳ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

የኤሊ ጫጩት ስትታመም ቶሎ አታሳይም። ዱር ውስጥ ድካሟ የታወቀባት ትንሽ እንስሳ የአዳኝ ምግብ ትሆናለች። ስለዚህ እስከምትችለው ድረስ ሕመሟን ትደብቃለች። ዓይኗ አብጦ ወይም ምግብ እምቢ ብላ ስታዩ ችግሩ የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ ምናልባት ሳምንታት አልፈውታል። ደግነቱ መነሻው በአብዛኛው ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ሙቀት፣ ብርሃንና የውሃው ንጽሕና። እኔ አጥብቄ የምመክረው መድኃኒት ከመፈለጋችሁ በፊት ገንዳውን እንድትመረምሩ ነው።

እዚህ የማወራው ስለ ቀይ ጆሮ ኤሊ ነው። ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት አረንጓዴዋ ናት። የትውልድ ቦታዋ በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝ አካባቢ ሲሆን ልጆች «ግዙልን» ብለው የሚያስቸግሩባት ብዙውን ጊዜ እሷ ናት። ከእንቁላል ስትወጣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነች። ብዙዎች አብረው የሚገዙላት የፕላስቲክ ዘንባባ ያለበት ትንሽ ሳህን ግን ለአንድ ሳምንት እንኳ ቤት አይሆናትም። ማሞቂያ አይገባበትም፤ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) አይገባበትም፤ ውሃው በአንድ ቀን ይበላሻል። ከ75 ሊትር የማያንስ ገንዳ ያዙ። ቴርሞሜትርና የውሃ መመርመሪያ ኪትም አብራችሁ ግዙ። ያለ እነዚህ ሁለቱ ከታች ያለው ሁሉ ግምት ይሆናል።

አትበላም

ገና ቤት ከገባች ጥቂት ቀን ከሆናት አትደንግጡ። ፈርታ ነው። አታንሷት፣ ገንዳውን አታንኳኩ፣ ልጆቹንም ራቅ አድርጓቸው።

ቀናት አልፈው አሁንም ካልበላች የውሃውን ሙቀት ለኩ። ኤሊ የራሷን የሰውነት ሙቀት አትፈጥርም። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሆዷም ይቆማል፣ የበላችውም አይፈጭላትም። ለጫጩት ውሃው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ አሜሪካ ላላችሁ ከ79 እስከ 82 ፋራናይት። ቀኑን ሙሉ ኤሲ የሚሠራበት ቤትም ሆነ የአዲስ አበባ የክረምት ቤት ከዚህ በታች ነው። ስለዚህ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ያለው የውሃ ማሞቂያ ግድ ነው። በሊትር 1 ዋት አካባቢ አስቡ። እንዳያቃጥላት፣ እሷም ገፍታ እንዳትሰብረው መከላከያ ሽፋን ያለውን ምረጡ። ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ከውሃ ውጪ የቀረ ማሞቂያ ሊፈነዳ ይችላል።

ሙቀቱ ደህና ከሆነ ምግቡን የት እንደምትሰጧት እዩ። የውሃ ኤሊ ምግቧን የምትውጠው ውሃ ውስጥ ሆና ነው። ደረቅ ቦታ ላይ ያስቀመጣችሁላትን ብትነካውም አትውጠውም።

ከደረቁ ቦታ አትወርድም፣ ወይም ጭራሽ አትወጣም

ሁለቱም በአብዛኛው የሙቀት ነገር ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ቀኑን ሙሉ መብራት ስር ትቀመጣለች። ውሃው ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ለምን ትወጣለች? የመሞቂያው ቦታ ላይኛው ገጽ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ውሃው ከዚያ ቀዝቀዝ ሲል ሁለቱን እያፈራረቀች ትጠቀማለች። መወጣጫው ሻካራና ዝቅ ያለ ይሁን፤ የሚያንሸራትት ፕላስቲክ ላይ ጫጩት አትወጣም። ሰው የሚመላለስበት ቦታ ላይ ያለ ገንዳም ያስፈራታል። ሙሉ በሙሉ ደርቃ መቀመጥ መቻል አለባት፤ ሆዷ ውሃ እየነካ መሞቅ አይቆጠርም።

ቅርፊቷ ለስላሳ ነው፣ ወይም ጠርዙ ተቆልምሟል

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ በቀላሉ መከላከል እየተቻለ ኤሊዋ ዕድሜ ልኳን ተጣምማ ትቀራለች።

የጫጩት ቅርፊት ከአዋቂ ይልቅ ትንሽ ተለማጭ መሆኑ ጤናማ ነው። ከሳምንት ሳምንት እየጠነከረ ካልሄደ ወይም ጭራሽ እየለሰለሰ ከመጣ ግን አጥንቷ እየተጎዳ ነው። ካልሲየም ብትበላም ያለ ቫይታሚን ዲ3 ሰውነቷ አይወስደውም። ዲ3 የሚሠራው ደግሞ ቆዳዋ ላይ በሚያርፍ ዩቪቢ ጨረር ነው፤ ይህ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። እኛ ጨቅላ ሕፃን ጠዋት ፀሐይ የምናሞቅበት ምክንያትና ይሄ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በመስኮት የሚገባ ፀሐይ ይበቃል ብሎ ያስባል። አይበቃም፤ መስታወት ዩቪቢን ያስቀረዋል። ገንዳውን በመስታወት ወይም በፕላስቲክ ከድኖ መብራቱን ከላይ ማስቀመጥም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ፣ የሚያሞቅ አምፖል ሁሉ ዩቪቢ ያለው ይመስለዋል። ተራ የማሞቂያ አምፖል የለውም። አንዱ ለሙቀት፣ አንዱ ለዩቪቢ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም መሞቂያው ቦታ ላይ በቀጥታ ይብሩ። ሦስተኛ፣ አምፖሉ እስከበራ ድረስ ይሠራል ይላል። ብርሃኑ እያለ ጨረሩ ያልቃል። ስለዚህ እንደ አምራቹ መመሪያ በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ ቀይሩት። ርቀቱንም ካርቶኑ ላይ አንብቡ፤ ሲርቅ ኃይሉ በፍጥነት ይቀንሳል። በቀን ከ10 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ይብራ፣ ሌሊት ይጥፋ።

ደጅ ማውጣት ለሚችል እውነተኛ ፀሐይ ከየትኛውም አምፖል ይበልጣል። ግን በመስታወት ገንዳ እንዳታወጧት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትቀቀላለች። ሰፊ ሳፋ፣ ግማሹ ጥላ፣ አጠገቧም ሰው ይሁን። ቁራና ጭልፊት የሚጠብቁት ይህን ነው።

ካልሲየሙስ? ለጫጩት የተዘጋጀ ጥሩ ፔሌት (እንደ ፍሬ የተጠቀጠቀ ደረቅ ምግብ) መነሻ ይሁን፤ በቀን አንዴ፣ የጭንቅላቷን ያህል መጠን። ለወፍ የሚሸጠውን የካትልፊሽ (የባሕር እንስሳ) አጥንት ጠንካራውን ጀርባ ፍቃችሁ አስወግዱና ለስላሳውን ውሃው ላይ ጣሉላት። ቅጠል ከሰጣችሁ ጎመን ጥሩ ነው። ቆስጣና ስፒናች ግን ካልሲየሙን የሚይዝ ኦክሳሌት ስለሚበዛባቸው አታዘውትሩ። የደረቀ ሽሪምፕ ብቻ እየሰጡ ማሳደግም አይሆንም፤ ትወደዋለች፣ ግን የተሟላ ምግብ አይደለም።

ቅርፊቷ በግልጽ ከለሰለሰ ወይም እግሯን መሳብ ካቃታት መብራት መቀየር ብቻ አይበቃም። የሚሳቡ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል

አንዱ መንስኤ የቆሸሸ ውሃ ነው። ሌላው የቫይታሚን ኤ እጥረት፤ በተለይ ሥጋ ብቻ ወይም ሽሪምፕ ብቻ በምትበላ ጫጩት ላይ። በዚያው ቀን የውሃውን ግማሽ ቀይሩ፣ አሞኒያውን (ከሽንቷና ከተረፈ ምግብ የሚመጣውን መርዝ) በመመርመሪያ ኪቱ ለኩ፣ ወደ ተመጣጠነ ፔሌት መልሷት። ዓይኗ ካልተከፈተ ምግቡን ስለማታይ አትበላም፤ ስለዚህ ሐኪም ጋ ለመሄድ አትዘግዩ። ቫይታሚን ኤ ራሳችሁ አትውጉ ወይም አትገምቱ፤ ሲበዛ ይመርዛታል።

ወደ አንድ ጎን አዘንብላ ትዋኛለች

አፏን ከፍታ የምትተነፍስ፣ ከአፍንጫዋ አረፋ የሚወጣ ወይም መስመጥ ያቃታት ከሆነ የሳንባ ምች ጠርጥሩ። ይህ የቤት ሕክምና የለውም፤ አንቲባዮቲክ ያስፈልጋታል። እስክትወስዷት ድረስ ውሃውን 28 ዲግሪ አድርሱ፣ ጥልቀቱን ቀንሱ፣ በቀላሉ የምትወጣበት ቦታ ስጧት። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከቀዝቃዛ ውሃ ወይም ከቀዝቃዛ አየር ነው።

ውሃው ይሸታል፣ ይደፈርሳል

ሽንቷና የተረፈው ምግብ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ፊልተሩ ውስጥ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥለው ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ለመደርጀት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋሉ። አዲስ ገንዳ በመጀመሪያው ወር የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ብትችሉ ኤሊዋ ከመምጣቷ በፊት ባክቴሪያዎቹ እንዲደረጁ ገንዳውን አስጀምሩት። ካልሆነ በዚያ ወር ውሃውን ቶሎ ቶሎ፣ ግን በከፊል ቀይሩ። አሞኒያና ናይትራይት 0 ይሁኑ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሩብ ያህሉን መቀየር ይበቃል።

ኤሊ ከዓሣ በጣም ትበልጣለች በማቆሸሽ። ስለዚህ ገንዳችሁ 75 ሊትር ከሆነ ለ150 ወይም ለ200 ሊትር የተሠራ ፊልተር ግዙ። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ አትጠቡ፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል፣ እናንተም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከገንዳው በቀዳችሁት ውሃ እጠቡት። የቧንቧ ውሃ ሌሊቱን ማሳደር ክሎሪንን ያስወጣ ይሆናል። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች የሚጠቀሙት ክሎራሚን ግን በማሳደር አይወጣም። ክሎሪንና ክሎራሚንን የሚያጠፋ የውሃ ማከሚያ ጠብታ ጨምሩበት።

ጠጠር ደግሞ ከስሩ ቆሻሻ ያከማቻል፤ ይባስ ብሎ ጫጩቷ ትውጠውና አንጀቷ ይዘጋል። ወለሉን ባዶ ተዉት፣ ወይም ከጭንቅላቷ የሚበልጥ ለስላሳ ድንጋይ አድርጉ።

ነጭ ነገር ታየባት

ስስ ሽፋን እየተላጠ ከሆነ እያደገች ነው፤ አትላጡት። እንደ ጥጥ ያለ ነገር ቆዳዋ ላይ ካለ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ውሃና መሞቂያውን አስተካክሉ። ቅርፊቷ ተቦርቡሮ የሚሸት ከሆነ ግን እየበሰበሰ ነው፤ ሐኪም።

ጭራዋ ወይም እግሯ ተነክሷል

ከሌላ ኤሊ ጋር ስለሆነች ነው። ለዩዋቸው። ጓደኛ ስለሌላት አይከፋትም።

ልጁ ትኩሳትና ተቅማጥ ይዞታል

ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የሚባለውን በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ ከ1975 ጀምሮ ቅርፊቷ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት እንዲሸጥ የማትፈቅደው ልጆች በዚህ ስለታመሙ ነው። ኤሊዋን ወይም ውሃዋን ከነኩ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የገንዳ ዕቃ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብ። ቤት ውስጥ ከ5 ዓመት በታች ልጅ፣ ነፍሰ ጡር ወይም አቅመ ደካማ ካለ ኤሊ ባይገባ ይሻላል። ልጁ ከታመመ ለሐኪሙ ቤት ውስጥ ኤሊ እንዳለ ንገሩት።

ገንዳው ጠበባት

ይጠባታል። ሴቷ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ልታድግ ትችላለች፤ በደንብ ከተያዘች 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ለ2.5 ሴንቲ ሜትር ቅርፊት 40 ሊትር ያህል ውሃ አስቡ። ማቆየት ካልቻላችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አትልቀቋት፤ የአካባቢውን ኤሊዎች ምግብና መሞቂያ ትቀማለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2016 ከወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ያስገባት በዚህ ምክንያት ነው፤ መሸጥም ማራባትም ከልክሏል። ለኤሊ ማቆያ ደውሉ፣ ወይም የእንስሳት ሐኪማችሁን የሚወስድ ሰው እንዲጠቁማችሁ ጠይቁ።