ፎቶግራፍን ለትልቅ ዐውደ ርዕይ መያዝና መስቀል

ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን ዓለም አቀፍ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ከመሠረተች ወዲህ፣ ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ ፎቶግራፎችን በአንድ ስፍራ መስቀል በአዲስ አበባ የታወቀ ሥራ ሆኗል። ሥራው ለተመልካች የመዶሻና የሚስማር ጉዳይ ይመስላል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ሳይወጣ፣ ሳጥን ሲከፈትና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ሳጥኖቹ አዳራሽ እንደገቡ አይከፈቱም። ከቀዝቃዛ ስፍራ የመጣ ሥራ ድንገት ሞቅ ያለ አየር ሲያገኝ መስታወቱ ጤዛ ሊቋጥር፣ እርጥበቱም ሕትመቱን ከመስታወቱ ጋር ሊያጣብቀው ስለሚችል፣ እንደታሸጉ 24 ሰዓት ቢቆዩ ይመረጣል፤ በክረምት ደግሞ ይህን ጊዜ ማሳጠር ፈጽሞ አይገባም። ግድግዳው አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ትነቱ ሕትመትን ሊጎዳ ስለሚችል ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳጥኑ ሲከፈት እያንዳንዱ ሥራ ከፊትና ከኋላ ፎቶ ይነሣል፣ ያለበት ጭረትም ተመዝግቦ ይፈረምበታል። ሥራው የሚመለሰው በዚያው ማሸጊያ ስለሆነ ማሸጊያውን በቁጥር ለይቶ ማስቀመጥ ይገባል።

ፍሬም የሌለው ሕትመት በባዶ እጅ አይነካም። አንድ ጊዜ ጥቁር የበዛበት ትልቅ ሕትመት በጥድፊያ ያለ ጓንት ያዝኩ፤ በዚያን ሰዓት ምንም አልታየኝም። መብራቱ ከጎን ሲበራ ግን የአውራ ጣቴ አሻራ ከነመስመሮቹ በጥቁሩ ላይ ጎልቶ ወጣ፤ ሊለቅም አልቻለም። የጥጥ ጓንት መስታወት ላይ ያንሸራትታል፤ እጅን በልክ የሚይዝ ስስ የናይትሪል (ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንት ይሻላል።

ፍሬም ያለው ሥራ አንድ እጅ ከሥር፣ አንድ እጅ ከጎን ሆኖ ይያዛል እንጂ በላይኛው ጠርዝ ወይም ከጀርባው ባለው መስቀያ ሽቦ ተንጠልጥሎ አይወሰድም። ወርዱ ከአንድ ሜትር ካለፈ ሁለት ሰው ያንሣው። ወለል ላይ ሲያርፍ ስፖንጅ ይነጠፍለት፤ ብዙ ሥራ አንድ ላይ ሲደገፍም የአንዱ ማንጠልጠያ የሌላውን መስታወት እንዳይቧጭር ፊት ለፊት፣ ጀርባ ለጀርባ ይሁን። ሥራዎቹ ሁሉ በየግድግዳቸው ሥር ተደርድረው አዘጋጁ ቅደም ተከተላቸውን ሳያጸድቅ አንድም ቀዳዳ መበሳት የለበትም።

ብዙዎች የፍሬሞቹን አናት ያስተካክላሉ፤ መጠናቸው የተለያየ ሥራዎች ግን ለዓይን የሚስማሙት መካከላቸው በአንድ ከፍታ ሲውል ነው። የተለመደው ከፍታ ከወለሉ ከ145 እስከ 152 ሳንቲ ሜትር ነው። 150 መረጥን እንበል። የፍሬሙ ቁመት 80፣ ሽቦው በጣት ወደ ላይ ሲወጠር ከፍሬሙ አናት ያለው ርቀት 7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ150 ላይ የቁመቱን ግማሽ 40 ደምረን 7 ስንቀንስ መንጠቆው 183 ላይ ይውላል። ፍሬም በሰው እንቅስቃሴ እንዳይዛነፍ በሁለት መንጠቆ መስቀል እመርጣለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ሽቦውም በሁለት ጣት ተወጥሮ ይለካ፤ በአንድ ጣት ከተለካ ፍሬሙ ካሰቡት ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ወለል ሁሉ ቀጥ ያለ ስላልሆነ ለእያንዳንዱ ፍሬም ከወለል መለካት ያሳስታል፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ በሌዘር፣ ከሌለም ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ፣ አንድ መስመር ለመላው ግድግዳ ይወሰዳል።

ብሎኬት በድሪል ተበስቶ ብሎን የሚይዝ የፕላስቲክ ፊሸር ይገባበታል፤ ለጊዜው የቆመ የችፑድ ግድግዳ በብሎን ብቻ ይበቃዋል። ሲበሳ አቧራው እንዳያርፍባቸው ሥራዎቹ ራቅ ብለው ይሸፈኑ።

መስታወት ሲጠረግ ፈሳሹ ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይረጭም፤ በጠርዙ ሾልኮ ሕትመቱን ያበላሻልና። በመስታወት ፈንታ አክሪሊክ የተባለው ግልጽ ፕላስቲክ ከሆነ አሞኒያ ያለበት ማጽጃ አይነካው። መብራት በመጨረሻ ይስተካከላል፤ ለቆዩና በቀላሉ ለሚደበዝዙ ሕትመቶች 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) በቂ ነው፣ የፀሐይ ብርሃን የሚገባበት መስኮትም ይጋረዳል። አዲስ ሽቦ በመጀመሪያው ሌሊት ሊለጠጥ ስለሚችል፣ በማግስቱ በሩ ከመከፈቱ በፊት ውሃ ልክ ይዞ እያንዳንዱን ፍሬም እንደገና ማየት ያስፈልጋል።