ለሙሽራው፦ የሰርግ አዳራሽ አፈላለግ፣ አለካክና ውል

አዳራሽ ፍለጋ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ከመነሻው ነው። ሙሽራው ቀኑንና የሰዉን ብዛት ሳይቆርጥ መብራቱና መጋረጃው ያማረ አዳራሽ ያያል፣ ይወደዋል፣ ቀብድ ይከፍላል። ከዚያ ወዲያ ቀኑም እንግዳውም ለአዳራሹ ሲባል ይሸራረፋል። ቅደም ተከተሉ ቀን፣ ቀጥሎ የሰው ቁጥር፣ በመጨረሻ አዳራሽ ነው። እዚህ የምንነጋገረው አዲስ አበባ ውስጥ በአዳራሽ ስለሚደገስ ሰርግ ነው።

ቀን አቆራረጥ

በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ዘንድ ዋናው የሰርግ ወቅት ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ነው። የጾሙ መግቢያ ከፋሲካ ጋር ስለሚሄድ የዚህ ወቅት ርዝመት ከዓመት ዓመት ይለያያል። በ2018 ጾሙ የካቲት 9 በመግባቱ ከጥምቀት በኋላ የተገኙት ቅዳሜዎች 4 ብቻ ነበሩ። በ2019 ግን ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ስለሆነ ከጥር 15 እስከ የካቲት 27 ድረስ 7 ቅዳሜ አለ። ወቅቱ ሲጠብ ሁሉም በእነዚያ ጥቂት ቀናት ላይ ይረባረባል፤ ሲሰፋ ግን በዋጋም በሰዓትም ለመደራደር ቦታ ይኖርሃል። ስለዚህ አዳራሽ ከመጠየቅህ በፊት የዓመቱን የአጽዋማት ቀመር ያዝ።

መልሱንም አብረህ ቁጠር። በ2019 ጾመ ነነዌ ከየካቲት 15 እስከ 17 ነው። እሁድ የካቲት 14 ሰርገህ መልሱን ሰኞ ካደረግኸው ዶሮው በነነዌ ላይ ወደቀ ማለት ነው። እሁድ የካቲት 28 ላይም ያው ችግር አለ፤ ማግስቱ ዐቢይ ጾም ነው። ሙስሊም ወዳጆችና ዘመዶች ካሉህ ደግሞ በዚያው ዓመት ረመዳን የካቲት መጀመሪያ ገደማ እንደሚገባ አስብ። ምሳ ላይ ጠርተሃቸው ሳይቀምሱ እንዲቀመጡ ከማድረግ ጥር 15፣ 22 ወይም 29 መስረግ ወይም ድግሱን ወደ እራት መውሰድ ይሻላል።

ወደ ጥምቀት የሚጠጋ ቀን ከመረጥህ ከጥር 10 እስከ 12 ታቦታት በሚያልፉበት መንገድ መኪና እንደማይሄድ አትርሳ። ጃን ሜዳ አካባቢ ላለ አዳራሽ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም በሥራ ቀን መስረግ ለሚችል ሰው ጥሩ አማራጭ ነው። ሆኖም በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ድንገት ይመጣልና ግቢ ውስጥ የምትደግስ ከሆነ ድንኳኑን ከመጀመሪያው በሂሳቡ ውስጥ አስገባ። በተክሊል የምትጋባ ከሆነ ቀኑን መጀመሪያ ከደብሩ ጋር ጨርስ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ለአዳራሹ ብለህ ማዛወር ከባድ ነው።

የሰው ቁጥር

የጥሪ ካርድ ብዛት የሰው ብዛት አይደለም። «ከነባለቤትዎ» የሚል 250 ካርድ እስከ 500 ሰው ነው፤ «ከነቤተሰብዎ» የሚለው ደግሞ ልክ የለውም። እጮኛህና አንተ፣ ሁለቱም ወላጆች፣ እያንዳንዳችሁ ለየብቻ ስም በስም ጻፉ፤ ቀጥሎ ዝርዝሮቹን አንድ ላይ አድርጋችሁ የተደጋገመውን ሰርዙ። ዕድር፣ ማኅበርና የመሥሪያ ቤት ሰው ራሱን የቻለ ዝርዝር ይኑረው፤ ብዙውን ጊዜ ሳይቆጠር የሚመጣው ከዚያ ነው። አሳላፊ፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሱት፣ ዲጄውና ሾፌሮችም ይበላሉ፤ ከ20 እስከ 30 ሰው ጨምርላቸው።

አዳራሹን መለካት

የአዳራሽ ኃላፊ «600 ሰው ይይዛል» ሲልህ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ወንበር ብቻ ተደርድሮ ለስብሰባ የሚይዘውን ነው። ሜትር ይዘህ ሂድና ራስህ ለካ። 10 ሰው የሚያስቀምጥ ክብ ጠረጴዛ ወርዱ 1.8 ሜትር ያህል ነው፤ ከወንበሩና ከአሳላፊው መተላለፊያ ጋር ለአንድ ሰው 1.3 ካሬ ሜትር ግድም ያስፈልጋል። 20 በ30 የሆነ አዳራሽ 600 ካሬ ነው። ከዚህ ላይ ለሙሽሮች መድረክ 30፣ ለሦስት ቡፌ 60፣ ለጭፈራ 50 ስትቀንስ 460 ይቀራል፤ ለ1.3 ብታካፍለው 350 ሰው ያህል ነው። 600 ሰው ብትጠራበት እስክስታ የሚወርድበት ቦታ ቀርቶ ቡፌው የሚዘረጋበትም አይገኝም።

ባዶ አዳራሽ ሁልጊዜ ሰፊ ስለሚመስል ሁለት ጊዜ ሂድ፤ አንዴ ባዶውን ለመለካት፣ አንዴ የሌላ ሰው ሰርግ ሲሰናዳ ለማየት። ከበሩ እስከ መድረኩ ሙሽሮችና ሚዜዎች የሚገቡበት መንገድ ቢያንስ 2 ሜትር ይስፋ፤ ካሜራውም በዚያው ነው የሚያልፈው። ምሰሶ ካለ ከኋላው ተቀምጠህ መድረኩ ይታይህ እንደሆነ ሞክር። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነ ሊፍቱ ስንት ሰው እንደሚጭን ተመልከት። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ በጀነሬተር የማይሠራ ከሆነ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ አዳራሽ ለአያቶች አይሆንም፤ የዲኮር ዕቃና ኬኩም በደረጃ መውጣቱ ነው። ጀነሬተሩን በተመለከተ «አለ» የሚለው መልስ አይበቃህም። አስነሥተህ መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ወጥ ቤቱንና ሊፍቱን አንድ ላይ መቻሉን አረጋግጥ፤ ነዳጁን ማን እንደሚገዛም ጠይቅ። የውሃ ሮቶውን መጠንና የመጸዳጃ ቤቱንም ሁኔታ እይ። ማቆሚያው ስንት መኪና እንደሚይዝ ቁጠር፤ ለ400 እንግዳ 100 መኪና ብለህ ብትነሣ ብዙም አትሳሳትም።

ብዙዎች የማይጠይቁት ጥያቄ አለ፦ ከእኔ በፊት ማን ነበር፣ ከእኔ በኋላስ ማን አለ? ዲኮር በደንብ ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈልጋል። በዋዜማው ማታ ሌላ ሰርግ ከነበረ ዲኮሩ የሚገባው ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ነው፤ የምሳ ሰርግ ከሆነ ጠዋት ላይ አበባው ገና እየተሰካ ታገኘዋለህ። ማታ ሌላ ሙሽራ ካለ ደግሞ 11 ሰዓት ላይ እንግዶችህ ገና እየጨፈሩ ጠረጴዛ መነሣት ይጀምራል።

ዋጋና ውል

የሚነገርህ ዋጋ የመጨረሻው መሆኑን ጠይቅ። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና በላዩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨምራሉ። ለአንድ ሰው 1,000 ብር የተባለው ምግብ 1,265 ብር ይሆናል፤ ለ400 ሰው ልዩነቱ 106,000 ብር ነው። የገንዘብ ጠብ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ውሉ ላይ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፦ «ቅዳሜ ጥር 22 ቀን 2019፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 30 ቀን 2027»። ሰዓቱም «ከቀኑ 6 ሰዓት»፣ «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ተብሎ ይለይ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድና የሆቴሉ የኮምፒውተር መዝገብ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚያስቡ ስህተቱ ቀላል አይደለም። ከዚህ ሌላ እነዚህ በጽሑፍ ይኑሩ፦ ዲኮር የሚገባበትና አዳራሹ የሚለቀቅበት ሰዓት፤ ከሰዓት በላይ ሲቆይ ክፍያው ስንት እንደሆነ፤ ቀን ቢዛወር ወይም ሰርጉ ቢቀር ቀብዱ ምን እንደሚሆን፤ የራስህን ዲኮር፣ ዲጄና ኬተሪንግ ማስገባት መቻልህ፤ ከውጭ ለምታስገባው ውስኪና ጠጅ ለአዳራሹ የሚከፈለው (ኮርኬጅ የሚሉት) ስንት እንደሆነ። ዝቅተኛ የሰው ቁጥር ካስፈረሙህ ከምትጠብቀው 10 በመቶ ያህል አሳንሰህ ፈርም፤ የመጨረሻውን ቁጥር ከ7 ቀን በፊት እንድታሳውቅ ተስማማ። 400 ብለህ ፈርመህ 330 ቢመጣ የ70ውን ሰው ገንዘብ አታስመልስም።

ድግሱ ከአዳራሹ ጋር የሚጋጭበት

በሁለት ጎን የሚነሣ አንድ ቡፌ 100 ሰው ለማስተናገድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ለ400 ሰው አንድ ብቻ ከተዘረጋ የመጨረሻው እንግዳ ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሦስት ከሆነ ግን በ40 ደቂቃ ያልቃል። የጾም ምግብ ለብቻው ጠረጴዛ ይኑረው፤ ጭልፋው ከፍስኩ ጋር ከተቀላቀለ ጿሚው አይነካውም። የሙስሊም ምግብ ደግሞ ጠረጴዛው መለየቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከብቱ በሙስሊም መታረድ፣ ወጥ ቤቱና ዕቃውም መለየት አለበት። አዳራሹ ሁለተኛ ማብሰያ ቦታ ከሌለው ይህን ከውጭ የሚያመጣ አዘጋጅ ያስፈልግሃል፤ እንዲገባ የሚፈቅድልህ መሆኑም ውሉ ላይ ይስፈር። ቁርጥ ካለ ሥጋ የሚሰቀልበትና ቆራጩ የሚቆምበት ጥግ፣ ውሃ የሚደርስበት፣ ከሙሽሮች መድረክ ራቅ ያለ ይሁን። አንዳንድ ሆቴል ከውጭ ጥሬ ሥጋ አያስገባም፤ ቀድመህ ጠይቅ።

ቢራን እንዲህ አስላ፦ ከ400 እንግዳ ግማሹ ቢጠጣና ለሰው 3 ብትይዝ 600 ጠርሙስ፣ ማለትም ባለ 24 ጠርሙስ 25 ሳጥን ነው። ባዶውን የሚቆጥርና በር ላይ የሚጠብቅ አንድ ታማኝ ሰው መድብ፤ የጎደለ ጠርሙስና ሳጥን አንተ ላይ ይታሰባል። ውሃ ለሰው ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያዝ።

በሰርጉ ቀን አንተ ስልክ የምታነሣ ሰው አትሁን። የውሉን ቅጂ፣ ቀሪ ክፍያውንና የአቅራቢዎቹን ስልክ ከሚዜዎችህ ውጭ ላለ አንድ ሰው ስጥ፤ ሚዜ ከአንተ ጋር ነው የሚውለው። ያ ሰው ከአዳራሹ ኃላፊ ጋር ወንበሩን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን ጠዋት ቆጥሮ ይፈራረም፤ ማታ ሲያስረክብም እንደገና ቆጥሮ የመያዣ ገንዘቡን በዚያው ይቀበል።