የናስ ቀለህ ለማጽዳት ተምብለርና መፈተጊያ እንዴት ይመረጣል?

ከጥይት ቀለህ ዶቃ፣ መስቀል ወይም ቀለበት ለመሥራት ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ማቅለጡ ነው። ጊዜና ጉልበት የሚበላው ግን ማጽዳቱ ነው። በእንጦጦ አካባቢ ቀለህ አቅልጠው ጌጥ የሚሠሩ ሴቶች እንዳሉ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ያ የሚያብረቀርቅ ዶቃ ከመሆኑ በፊት ቀለሁ በጆንያ የሚመጣው ጥቀርሻ፣ ጭቃና አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነው። ጥቂት ፍሬ ከሆነ እናቶቻችን የናስ ዕቃ ሲያጸዱ እንደኖሩት በሎሚና በአመድ ፈትጎ ማብራት ይቻላል። ጆንያ ሙሉ ሲሆን ግን የሚሽከረከር ወይም የሚንቀጠቀጥ ማሽን ያስፈልጋል፤ ተምብለር የሚባለው እሱ ነው። አብሮ ውስጡ የሚጨመረውና ቀለሁን የሚፈትገው ነገር ደግሞ መፈተጊያ ይባላል።

ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ቀለሁ በመጨረሻ ምን ሊሆን ነው? ሊቀልጥ ነው? ቅርጹን እንደያዘ ተቆርጦ ጌጥ ሊሆን ነው? ወይስ የምታበሩት ቀለሁን ሳይሆን ከቀለጠ በኋላ የሚወጣውን ዶቃ ነው? ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ በቪዲዮ ያየውን ማሽንና መፈተጊያ ፍለጋ ይወጣል። እነዚያ ቪዲዮዎች የተሠሩት ግን ቀለሁን መልሰው ባሩድ ሞልተው ለሚተኩሱ የውጭ አገር ተኳሾች ነው። እነሱ ውስጡም ውጭውም እንደ መስታወት እንዲሆን ይፈልጋሉ። ለሚቀልጥ ቀለህ ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት ገንዘብ መጣል ነው።

መልቀም

ከቁራሌው የመጣውን ጆንያ ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ ማግኔት አዙሩበት፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይበቃል። የክላሽንኮቭ ቀለህ፣ ማለትም 7.62 በ39 የሚባለው፣ በብዛት ብረት ነው። ከላይ ስስ መዳብ ወይም ቀለም ስለተቀባ ከናስ ጋር ይመሳሰላል። ማግኔቱ የያዘውን ለብቻው አስቀምጡ፤ በኪሎ ስትገዙ ደግሞ ይህን ፍተሻ ሻጩ ፊት አድርጉት።

ቀጥሎ የእያንዳንዱን ቂጥ ተመልከቱ። የተተኮሰ ቀለህ መሃሉ ላይ የመርፌ ምት፣ ትንሽ ስርጉድ፣ አለው። ምቱ የሌለው ፈንጂው ገና ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ጥይት እርሳሱ (የሚወነጨፈው ጫፉ) ሳይወጣለት ካገኛችሁ አትቀጥቅጡት፣ አትቁረጡት፣ ለፖሊስ አሳውቁ። ጥይት ይዞ መገኘት በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስጠይቅ ጉዳይ ነው። ከጠመንጃ ጥይት የሚበልጥ የመድፍ ቁርጥራጭ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ከግቢያችሁ አታስገቡት።

ደረቅ ወይስ እርጥብ?

እኔ እርጥቡን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱ ማብራቱ አይደለም። በአብዛኛው የጥይት መተኮሻ (መርፌው የሚመታው፣ ቂጡ ላይ ያለው ፈንጂ) ውስጥ የእርሳስ ውሁድ አለ። ጥይቱ ሲተኮስ እርሳሱ ከጥቀርሻው ጋር ቀለሁ ውስጥ ይቀራል። በደረቅ መፈተጊያ ስታሽከረክሩት ያ ሁሉ ዱቄት ይሆናል፤ ክዳኑን ስትከፍቱና በወንፊት ስትነፉት ይቦናል። የከተማው ዳር ወርክሾፕ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የመኖሪያ ግቢ ጥግ ነው፤ ልጆች እዚያው ይጫወታሉ፣ ልብስ እዚያው ይሰጣል። እርሳስ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። በውሃ ሲታጠብ ግን ቆሻሻው ከውሃው ጋር ይቀራል፣ አይቦንም። ስለዚህ የመጀመሪያው እጥበት ሁልጊዜ በውሃ ይሁን። ደረቁን ለንጹሕ ዶቃ አቆዩት።

ማሽኑ

ሁለት ዓይነት አለ። የሚንቀጠቀጠው ክብ ሳህን ያለው ነው፤ ሥሩ ያለው ሞተር ሚዛኑን የሳተ ክብደት ስለሚያዞር ሳህኑ ይንዘፈዘፋል። ለደረቅ መፈተጊያ ጥሩ ነው፣ ጫጫታው ግን ጎረቤት ያጣላል። የሚሽከረከረው ደግሞ በሁለት ዘንጎች ላይ ተኝቶ የሚዞር በርሜል ነው። ዝግ ይላል፣ ውሃ ይይዛል፣ ሲበላሽም ማንም የሰፈር መካኒክ ይጠግነዋል። አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ በርሜሉን ያዙ።

ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አስነብቡት። የእነሱ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ ብትሰኩት ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተሩ አንድ ስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል። ለበርሜል ይህ ምንም አይደለም። የሚንቀጠቀጠው ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ድንጋይ ማለስለሻ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ የጎማ በርሜሎች ለዶቃ ማብሪያ ይሆናሉ፤ ለጆንያ ቀለህ ግን መጫወቻ ናቸው።

እዚሁ ማሠራቱ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተርና ኩሽኔታ ሶማሌ ተራ፣ ብረታ ብረቱ ምናለሽ ተራ ይገኛል። ለበርሜሉ 200 ሚሊሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ 25 ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡ፤ ወደ 7 ሊትር ይይዛል። አንዱን ጫፍ በማጣበቂያ ዝጉት፣ ሌላውን የሚፈታ ክዳን አድርጉለት። የብረት በርሜል ተመራጭ አይደለም፤ አሲድ ባለው ውሃ ውስጥ ብረትና ናስ ሲነካኩ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ናሱ ላይ ይለጠፋል፣ በርሜሉም ይዝጋል። የቱቦው ውስጥ ልሙጥ ስለሆነ ቀለሁ እየተንሸራተተ እንዳይቀመጥ ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ቁመቱን ተከትላችሁ ለጥፉበት።

አሁን ፍጥነቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፈጥኖ የዞረ ፈጥኖ የሚያጸዳ ይመስላል። በርሜል ከልኩ በላይ ሲፈጥን ውስጡ ያለው ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል፤ አይወድቅም፣ አይፋተግም። ያ ወሰን በቀላል ስሌት ይገኛል፦ 42.3ን በሜትር ለተለካ የበርሜሉ ዲያሜትር (አፉ ከዳር እስከ ዳር) ስኩዌር ሩት ማካፈል ነው። ለ20 ሳንቲሜትር በርሜል በደቂቃ 95 ዙር አካባቢ ይመጣል። መሥሪያ ፍጥነቱ የዚህ ግማሽ ገደማ ነው፤ ከ40 እስከ 55 ዙር። የተለመደው ሞተር በደቂቃ 1400 ያህል ዙር ስለሚዞር መቀነስ አለበት። ሞተሩ ላይ 5 ሳንቲሜትር ፑሊ፣ ዘንጉ ላይ 23 ሳንቲሜትር ፑሊ አድርጋችሁ በቺንጋ ብታገናኙ ዘንጉ 300 ገደማ ይዞራል። ዘንጉ ራሱ 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ካለውና በርሜሉ በላዩ ከተኛ በርሜሉ 45 ላይ ያርፋል። ዘንጉን ላስቲክ ካለበሳችሁት ውፍረቱ ስለሚጨምር እንደገና አስሉት። በርሜሉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምራችሁ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ድምፁም ይነግራችኋል፦ ልክ ሲሆን ያልተቋረጠ ሹርርታ ይሰማል፤ ዝም ካለ ተለጥፏል፣ ቋ ቋ ካለ ጭነቱ አንሷል።

መጠኑ ብዙ ለሆነ ሰው ትንሽ ቤቶኔራ ያው የሚሽከረከር በርሜል ነው። የሲሚንቶ ቅሪቱን አስለቅቆ ውስጡን በላስቲክ ማልበስ ብቻ ነው።

መፈተጊያው

ቀለሁ የሚቀልጥ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፦ ምንም አትግዙ። ውሃ፣ ላርጎና ሎሚ በቂ ናቸው፤ ቀለህ ከቀለህ ጋር ይፋተጋል። የውስጡ ጥቀርሻ በሙሉ ባይለቅ እንኳ ሲቀልጥ ከቆሻሻው ጋር ይንሳፈፋል። አሸዋ ግን አትጨምሩ። ፈጥኖ የሚፈትግ ይመስላል፣ ነገር ግን ናሱን ይጭራል፣ ቀለሁ ውስጥ ይቀረቀርና ማቅለጫው ድረስ ተከትሎ ይገባል።

ቅርጹን ይዞ ለሚቀረው የውጭ ሰዎች የማይዝግ ብረት ቁራጭ ሽቦ ይጠቀማሉ፤ ውፍረቱ 1.2፣ ርዝመቱ 6.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ውስጡን ሳይቀር ያበራል፣ አያልቅም። አንዳንዱ የብየዳ ሽቦ ገዝቼ እቆርጣለሁ ይላል። አንዱ ቁራጭ ክብደቱ ከ0.06 ግራም አይበልጥም፤ ለዚህ በርሜል የሚያስፈልገው 2 ኪሎ ከሩብ ገደማ ነው። ያ ማለት ወደ አርባ ሺህ ቁራጭ ማለት ነው። ተዉት፤ ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ አስመጡት፣ ካልሆነ ቀለሁን ሁለት ጊዜ እጠቡ፣ የውስጡን በጠርሙስ ብሩሽ ጨርሱ።

ለዶቃና ለመስቀል ማብሪያ ደረቁ ይመጣል። ከሁሉ የተሻለው ቆረቆንዳ ነው። ክረምት በየመንገዱ ዳር በቆሎ የሚጠብሱት ሴቶች በነፃ ይሰጧችኋል፣ የእሸቱ ግን ለስላሳ ነው፤ ደርቆ ከተፈለፈለ በቆሎ የተረፈው ይበልጣል። በአሮጌ ሙቀጫ ውቀጡት፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነውን በወንፊት ለዩት፣ ዱቄቱን በሰፌድ አራግፉት። ጠንከር ያለ ካስፈለገ የኮክ ፍሬ ቅርፊት ተወቅጦ ጥሩ ይሠራል። ሰጋቱራ ለማድረቅ እንጂ ለማብራት ደካማ ነው፤ የጥድ ከሆነ ሙጫው ይለጠፋል። የቡና ገለባ ቀላል ስለሆነ አቧራ ብቻ ይሆናል። ሩዝ ይሠራል ይባላል፤ በዚህ ኑሮ ውድነት ሩዝ ለናስ የሚያበላ ሰው ግን አላየሁም።

ማጠቡ

ለ7 ሊትር በርሜል፦ 1 ኪሎ ቀለህ፣ ሽቦ ካለ 2 ኪሎ ከሩብ፣ ከ3 ሊትር ተኩል እስከ 4 ሊትር ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ፣ የአንድ ትንሽ ሎሚ ጭማቂ። ሎሚው ውስጥ የሚሠራው ሲትሪክ አሲድ ነው፤ ዱቄቱን ካገኛችሁ የሻይ ማንኪያ ሩብ ይበቃል። መጀመሪያ ያለ ሎሚ ሩብ ሰዓት አሽከርክራችሁ ጥቁሩን ውሃ ብትደፉት ዋናው እጥበት ይቀላል። ከዚያ ለ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል አሽከርክሩት።

ሎሚ ቢበዛ ይበልጥ ያበራል ማለት አይደለም። አሲዱ ሲበዛ ዚንኩን ከላይ ይለቅምና መዳቡን ያስቀረዋል፤ ናሱ ሮዝ ይሆናል። የቀለህ ናስ 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ ነውና ሲታጠብ ቢጫነቱን መጠበቅ አለበት። ሮዝ የሆነውን በደረቅ መፈተጊያ ማስለቀቅ ይቻላል፣ ግን ድርብ ሥራ ነው። ለማብራት የሚጨመረው አሲድ ሳይሆን ሰዓት ነው።

በረኪና በምንም መንገድ አይግባ። ናሱን ይበላል፤ ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፣ ያውም በተዘጋ በርሜል ውስጥ። አሞኒያ ያለው የናስ ማብሪያም ቅርጹን ለሚይዝ ቀለህ አይሆንም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሕንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር ጥይቱን በክረምት ፈረስ ጋጣ ሲያስቀምጥ ቀለሁ በራሱ እየተሰነጠቀ ያስቸግር ነበር፤ ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑ የተረጋገጠው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ተጨፍልቆ የተሠራ ናስ ውስጡ ውጥረት ስላለበት አሞኒያ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ቀለበት ሸጣችሁ ጣት ላይ ሲሰነጠቅ አስቡት።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን የውጭ መመሪያ አይጽፈውም። ይመለሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወዲያው ማብሪያ ማጥፊያውን ዝጉ፣ በርሜሉን ክፈቱ፣ ውሃውን ድፉ፣ ቀለሁን አለቅልቁ። አሲድ ውሃ ውስጥ ተኝቶ ያደረ ናስ ውሃው በደረሰበት ልክ መስመር ያወጣል። ማብሪያ ማጥፊያው ክፍት ከቀረ ደግሞ መብራት ሲመጣ ማሽኑ በራሱ ይነሣል፤ እጅ ቺንጋው ላይ ሊሆን ይችላል።

ቆሻሻ ውሃው እርሳስ አለበት። ጎመን ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ አይደፋም። ባልዲ ውስጥ ትንሽ ኖራ ጨምራችሁ አሳድሩት፤ አሲዱ ይበርዳል፣ የሟሟውም ይዘቅጣል። ዝቃጩን በክዳን ጀሪካን አጠራቅሙ። ጓንት አድርጉ፣ ከመብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለዚህ ሥራ የገባ ወንፊት፣ ሰፌድና ሙቀጫ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም።

ማድረቅ

በበጋ ፀሐይ ላይ በጆንያ ማስጣት ነው። በክረምት በደረቅ ሰጋቱራ ውስጥ ካንከባለላችሁት በኋላ ጣሪያ ሥር አፉን ወደታች አድርጋችሁ አሳድሩት። ምጣድ ላይ አታድርቁ። ለሚቀልጠው ቀለህ መድረቁ የመልክ ጉዳይ አይደለም፤ ቀለሁ ጠባብ አፍ ስላለው ውስጡ ጠብታ ውሃ ይደብቃል፣ ያ ጠብታ ቀልጦ በሚፈላ ናስ ውስጥ ሲገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ሁሉንም በመዶሻ ጨፍልቁት ወይም ለሁለት ቁረጡት፣ ወደ ማቅለጫው ከመግባቱ በፊትም ምድጃው ጠርዝ ላይ አሙቁት።

ዶቃ የሚያበራው ቆረቆንዳ ሲጠቁር ይቀየራል። የጠቆረውን ምድጃ ውስጥ አታንድዱት፣ ለዶሮም አታንጥፉት።